ዋግምት የማይደርስበት ደም

ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስም ሆነ ጋይንት፣ ራሱን ያመመውን ሰው «ደም በዝቶብህ ነው፤ ይውጣልህና ይቅለልህ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ዋጋሚው ማጅራቱን በምላጭ ጫር ጫር ያደርግና ቀንዱን ደፍቶ ይመጠዋል። ጥቁር የረጋ ደም ሲወጣ ያየ ሁሉ «በሽታው ወጣ» ይላል። ራስ ምታት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስለሚለቅ ምስጋናው ለቀንዱ ይሆናል።

ነገሩ የሚከፋው ታማሚው አይቲፒ ያለበት እንደሆነ ነው። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ጥቃቅን ሕዋሳት፣ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌት አለው፤ አይቲፒ ሲከፋ ከ20,000 በታች ይወርዳል። ያኔ ድድ ይደማል፣ ነስር አልቆም ይላል፣ ቅልጥም ላይ በጣት ሲጫኗቸው የማይጠፉ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በምላጭ መብጣት ምን ይባላል? ድንገተኛው ራስ ምታት አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ መጀመሩን የሚናገር ከሆነም፣ ቀንዱ እዚያ አይደርስም፤ የሚባክነው ሰዓት ግን አይመለስም። «ደሙ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ» የሚባለውም ማስረጃ አይደለም። ቆዳ ከተበጣ ደም ይወጣል።

ከዋጋሚው ይልቅ የሚያስቆጣው ደም ሳያስመረምር ዳይክሎፌናክ የሚወጋው «ባለሙያ» ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተረፉትንም ፕሌትሌቶች ሥራ ያሰናክላሉ። ለአይቲፒ ታማሚ ሕመም ማስታገሻው ፓራሲታሞል ነው።

ማስፈራራትም ደግ አይደለም። አንጎል ውስጥ የሚፈስስ ደም የሚያጋጥመው ከአዋቂ ታማሚዎች ከመቶ አንዱን ገደማ ነው፤ ልጆች ላይ ከዚያም ያንሳል። ሆኖም ራስ ምታቱ ድንገትና ከወትሮው የበረታ ከሆነ፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአፍ መያያዝ ከተከተለ፣ ወይም ታማሚው ራሱን ተመትቶ ከነበረ፣ ማደር የለበትም። አስታማሚው ሐኪም ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚናገረው «ፕሌትሌቱ ያንሳል» የሚለውን ነው። ደሙ ይቆጠራል፤ ካስፈለገም ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ይላካል።

«ፕሌትሌቱ ያነሰ ሰው ደም አይረጋበትም» የሚለውም ስሕተት ነው። የአይቲፒ ታማሚ ደም በመርጋቱ ስትሮክ ሊይዘው ይችላል፤ ፕሌትሌት የሚያበዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን ስጋት ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ አፉ የተያያዘውን ሰው «ለክፎት ነው» ብሎ ቤት ማቆየት በየትኛውም መንገድ አያዋጣም።

ፕሌትሌት ያነሰበት ሁሉ ደግሞ አይቲፒ የለበትም። ወባ ያሳንሰዋል። ካላዛርም ያሳንሰዋል፤ በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ውስጥ የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። አይቲፒ ብቻ ያለበት ሰው ጣፊያው ብዙውን ጊዜ አያብጥም፤ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ካለ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል።

ደም ይጨምራል የሚባለውን ቀይ ሥር መብላት አይጎዳም፤ ፕሌትሌትን ግን ከጥፋት አያድንም። ጠበል የሚሄድ ሰው ለአይቲፒ የታዘዘለትን ፕሬድኒሶሎን ይዞ ይሂድ፤ በድንገት ማቋረጥ አደጋ አለው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበር።