የዓሣ ማስገሪያ መረብ በቤትና በአነስተኛ ምርት ማዘጋጀት፦ አሠራሩ፣ ልኩና ሊታወቅ የሚገባው ሕግ

በአገራችን ሐይቆችና ግድቦች ዳርቻ የሚኖሩ በርካታ ዜጎች ኑሯቸውን የመሠረቱት በዓሣ ማስገር ላይ ነው። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በአባያ፣ በጫሞና በቆቃ የሚሰማሩ አስጋሪዎች በዋናነት የሚጠቀሙበት መሣሪያ መረብ ሲሆን፣ መረቡን በቤት የመሥራትና የመጠገን ሙያም ከዚሁ ሥራ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በቅርብ ጊዜያት መረብ ሠርተው ለገበያ ለማቅረብ የሚፈልጉ ወጣቶችና ሴቶች ስለ አሠራሩ፣ ስለሚፈቀደው ልክና ስለ ፈቃድ አሰጣጡ ማብራሪያ ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ነው።

የመረብ ዓይን ስፋት ለምን ወሳኝ ሆነ?

ዓሣ በተዘረጋ መረብ የሚያዘው ጭንቅላቱ በመረቡ ዓይን አልፎ ሰውነቱ ሲቀር ነው። ከዓይኑ እጅግ ያነሰ ዓሣ ሾልኮ ያልፋል፤ እጅግ የገዘፈውም ጭንቅላቱን ሳያስገባ ይመለሳል። ስለዚህ የትኛው ዓሣ እንደሚያዝና የትኛው እንደሚተርፍ የሚወሰነው ሐይቁ ላይ ሳይሆን መረቡ በሚቋጠርበት ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ሳይቀር ጠራርጎ ያወጣል። ቆሮሶን በምሳሌነት ብንወስድ፣ እንስቷ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ በዚህ ወቅት የተያዘች አንዲት ቆሮሶ የምታጎድለው ራሷን ብቻ ሳይሆን መላ ውላጇን ጭምር ነው። በጣና ሐይቅ የሚገኙ በርካታ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ደግሞ በክረምት ወራት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ወላድ ዓሦችን በጅምላ ማጥመድ በመሆኑ፣ የእነዚህ ዝርያዎች ቁጥር እንዲመናመን ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

የዓይን ስፋት እንዴት ይለካል?

ብዙ አለመግባባት የሚነሣው በአለካክ ልዩነት ነው። አንዳንድ ሻጮች የሚናገሩት ከአንድ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ ያለውን ርቀት ሲሆን፣ ሌሎች ደግሞ ዓይኑ ተወጥሮ በሚለጠጥበት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ይጠቅሳሉ። ሁለተኛው ልክ የመጀመሪያው እጥፍ ነው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ ሲለጠጥ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በመሆኑም መረብ ሲገዙም ሆነ ሲሸጡ የተነገረው ቁጥር የትኛውን አለካክ እንደሚያመለክት አስቀድመው ያረጋግጡ።

ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት መረቡን በውኃ ካራሱ በኋላ 10 ተከታታይ ዓይኖችን ወጥረው ይለኩና ውጤቱን ለ10 ያካፍሉ። አንድ ዓይን ብቻ ለክቶ መፍረድ ያሳስታል፤ በእጅ የተቋጠረ መረብ ዓይኖቹ ሁሉ እኩል ላይሆኑ ይችላሉና።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመቋጠር የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሲባጎ የሚጠመጠምበት የመረብ መርፌና የዓይን መለኪያ ጠፍጣፋ እንጨት። የመለኪያው እንጨት ወርድ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሲለጠጥ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ዓይን ለማግኘት 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው እንጨት ይዘጋጃል። እንጨቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዓይኑ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በእንጨቱ ላይ የምትፈጠር የ1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት በመረቡ ላይ እጥፍ ትሆናለች።

ለመረቡ አካል ተመራጩ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ የናይለን ሲባጎ ነው። ናይለን ከውኃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ የላይኛው ገመድ ግን ተንሳፋፊ መሆን ስላለበት ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊኢትሊን የተሠራ ይመረጣል። ለተንሳፋፊነት ቡሽ፣ ቀላል እንጨት ወይም በሚገባ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያገለግላል። ለታችኛው ገመድ ክብደት የተቦረቦረ ድንጋይ ወይም የተተኮሰ ሸክላ በቂ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው፣ እርሳስን በቤት ውስጥ አቅልጦ ክብደት መሥራት ፈጽሞ አይመከርም፤ ጢሱና ብናኙ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ በሐይቅ ውስጥ የሚቀረውም ውኃውን ይበክላል። ሁለተኛው፣ ከአሮጌ ጎማ ክር ለማውጣት ጎማውን ማቃጠል መርዛማ ጢስ ስለሚያስከትል በመኖሪያ አካባቢ ሊደረግ አይገባም።

አንድ መረብ ደረጃ በደረጃ

ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ዓይኑ ሲለጠጥ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መረብ ለመሥራት የሚከተለውን ስሌት ይጠቀሙ።

1. መረቡ በገመድ ላይ ሲታሰር ከተለጠጠ ርዝመቱ ግማሽ ያህል እንዲይዝ ይደረጋል። ስለዚህ ለ50 ሜትር ገመድ የተለጠጠ 100 ሜትር መረብ፣ ማለትም በአግድም 1,000 ዓይን ያስፈልጋል።

2. ወደ ታች 30 ዓይን ቢኖረው በውኃ ውስጥ የሚኖረው ቁመት ወደ 2.6 ሜትር ይጠጋል። ዓይኖቹ በአግድም ስለሚከፈቱ ቁመቱ ሙሉ 3 ሜትር አይሆንም።

3. በላይኛው ገመድ ላይ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ 4 ዓይን ይታሰራል። በዚህ መሠረት 250 ማሰሪያ 1,000 ዓይኖችን በ50 ሜትር ላይ እኩል ያደላድላል።

4. ተንሳፋፊዎቹና ክብደቶቹ በእኩል ርቀት ይታሰራሉ። ከዚያም መረቡ ጥልቀት በሌለው ውኃ ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይረጋገጣል።

ገመዱ ላይ ከመጠን በላይ ተወጥሮ የታሰረ መረብ ዓይኑ ስለሚጠብ፣ በሕጋዊ ልክ የተቋጠረ ቢሆንም በተግባር ትንንሽ ዓሣ ይይዛል። እጅግ ላልቶ የታሰረ ደግሞ ዓሣውን ስለሚጠመጥመው መረቡም ዓሣውም ይጎዳል።

የሥራውን ዋጋ ስለ መተመን

ከላይ የተጠቀሰውን መረብ ሙሉ በሙሉ በእጅ ለመሥራት ወደ 60,000 ቋጠሮ ያስፈልጋል። የሚፈጀው ሲባጎም ለቋጠሮው የሚውለውን ሳይጨምር ወደ 6,000 ሜትር ይደርሳል። ብዙ ጀማሪዎች ዋጋ ሲተምኑ የሲባጎውን ወጪ ብቻ አስበው የእጃቸውን ድካም ይዘነጋሉ፤ በዚህም ምክንያት ሥራው አያዋጣም ብለው ይተዉታል።

ለአነስተኛ ምርት የሚሻለው መንገድ በፋብሪካ የተቋጠረ መረብ በጥቅል ገዝቶ፣ ገመድ፣ ተንሳፋፊና ክብደት የማሰሩን ሥራ በቡድን መሥራት ነው። ሥራው ለመከፋፈል ይመቻል፤ አንዱ ሲቆጥር ሌላው ያስራል፣ ሦስተኛው ይለካል። ከዚህ ጎን ለጎን የተቀደደ መረብ የመጠገን አገልግሎት መስጠት ቋሚ ገቢ ያስገኛል። በእያንዳንዱ መረብ ላይ የዓይኑን ልክና ርዝመቱን የሚገልጽ ምልክት ማሰር ደግሞ የገዢውን አመኔታ ከማሳደጉም በላይ በቁጥጥር ጊዜ ክርክርን ያስቀራል።

ስለ ነጠላ ክር መረብ

በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው፣ በውኃ ውስጥ በዓይን የማይታየው ነጠላ ክር መረብ በጣናና በሌሎች ሐይቆች ከፍተኛ ችግር ፈጥሯል። ይህ መረብ ቶሎ ስለሚበጣጠስ ለጥገና አይመችም፤ ብዙ ጊዜም በውኃው ውስጥ ተጥሎ ይቀራል። የተጣለ መረብ አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረውም ዓሣና የውኃ ወፎችን እየያዘ ይገድላል። ማንኛውም ያረጀ መረብ ወደ ባሕር ዳር ተመልሶ በተገቢው ቦታ መወገድ ይኖርበታል። መረብ ሠሪዎችም ከደንበኞቻቸው አሮጌውን ቢቀበሉ ገመዱንና ተንሳፋፊውን መልሰው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

የሕግ ግዴታና የአገልግሎት አሰጣጥ

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የአገሪቱ የዓሣ ሀብት እንዲጠበቅና ከልክ ያለፈ ማስገር እንዲገታ የሚያስችል ማዕቀፍ ነው። ክልሎችም ለየአካባቢያቸው የሚስማማ ሕግ ያወጣሉ። እንደ ፈንጂ ወይም እንደ ብርብራ ፍሬ ያለ ዓሣን በጅምላ የሚፈጅ ዘዴ መጠቀም አይገባም።

የሚፈቀደው የዓይን ስፋት እንደ ውኃው አካልና እንደ ዓሣው ዝርያ ይለያያል። ስለሆነም ሲባጎ ከመግዛትዎ በፊት ወደ ወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀርበው የሚከተሉትን ሦስት ነጥቦች ይጠይቁ፦

– መረቡ በሚውልበት ሐይቅ ወይም ግድብ የሚፈቀደው ዝቅተኛ የዓይን ስፋት ስንት ነው? የተገለጸውስ በተለጠጠ ልክ ነው ወይስ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ?

– የተከለከሉ የመረብ ዓይነቶች፣ ቦታዎችና ወራት የትኞቹ ናቸው?

– ለማስገርና ለመረብ ንግድ ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልጋል?

በማኅበር ተደራጅተው ለማምረት የሚፈልጉ ዜጎች በአካባቢያቸው ባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ስለ አደረጃጀት፣ ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ስለ ንግድ ፈቃድ መረጃ ማግኘት ይችላሉ። ሙያዊ ምክር ለሚሹ ደግሞ በሰበታ፣ በባሕር ዳርና በባቱ የሚገኙት የዓሣ ምርምር ማዕከላት በዘርፉ የሚሠሩ ተቋማት ናቸው።

መረብ ሠሪው ሐይቁ ላይ ባይወጣም ከአስጋሪው እኩል የዓሣ ሀብቱ ጠባቂ ነው። በትክክለኛ ልክ የተሠራ መረብ ዛሬ ለገበያ የደረሰውን ዓሣ ያወጣል፤ ለከርሞ የሚያስፈልገውን ደግሞ በውኃው ውስጥ ያስቀራል።