ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው የሚሆን ልብስ

ብቸናና ሞጣ በጮቄ ተራሮችና በዓባይ ሸለቆ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው፤ በነባሩ የኢትዮጵያ የአየር ንብረት አከፋፈልም ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው ምድር ደጋ ስለሚባል፣ የነዋሪው አለባበስ የጧቱን ብርድና የክረምቱን ዝናብ ለመቋቋም የተበጀ ነው። ከዚህ አካባቢ በየዓመቱ በርካታ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳሉት የመተማና የሁመራ ቆላዎች ይወርዳሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ተኩል ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚጨምር፣ ከሞጣ ተነሥቶ መተማ የሚደርስ ሰው ከአሥር ዲግሪ የሚበልጥ ለውጥ ይጠብቀዋል። አዲስ አበባ የሚገባው ግን ከለመደው ብዙም ያልራቀ አየር ስለሚያገኝ፣ ልብሱን የሚያስለውጠው የከተማው ልማድ እንጂ ብርዱ ወይም ሙቀቱ አይደለም።

የደጋው ሰው ዋና መከታ ጋቢ ነው። በእንዝርት ተፈትሎ በሸማኔ እጅ የሚሠራው ይህ የጥጥ ልብስ አራት ድርብ ሲሆን፣ ሙቀት የሚሰጠው ክሩ ራሱ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል ተይዞ የሚቀረው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ጥጥ ሲርስ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ስለሚይዘው ጋቢው ይከብዳል፣ ሙቀቱንም ያጣል። የበግ ጠጉር በአንጻሩ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞም ፈጥኖ ስለማይቀዘቅዝ፣ በተራራ ለሚውል እረኛ ከጠጉር የተሠራ ባና፣ በዝናብ ጊዜም ከሣር የተሰፋ ገሳ ይመረጣል። እነዚህን ልብሶች ያበጀው ሕዝብ ስለ ብርድ ያለው ዕውቀት ጥልቅ ነው፤ ይኸው ዕውቀት ቆላ ሲደርስ ግን በቂ አይሆንም።

በቆላ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ከቆዳው ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ብዙ ሰው ሙቀት ሲጠናበት ልብሱን መቀነስ ይቀናዋል፤ ነገር ግን የተራቆተ ቆዳ የፀሐይን ጨረር በቀጥታ ስለሚቀበል፣ ሰፋ ያለ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ የጥጥ ሸሚዝና ጠርዙ ሰፊ ባርኔጣ ከእርቃን ገላ የተሻለ ጥላ ይሆናሉ። በየገበያው በርካሽ የሚገኘው የፖሊስተር ማልያ፣ በተለይ ጠባብ ሲሆን፣ ላብን ስለማይመጥ ከገላ ጋር ተጣብቆ የነፋሱን መግቢያ ይዘጋል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ከምሽት በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በመተማና በሁመራ ካላዛር የሚባለው በሽታ የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሲሆን፣ ይህች ከትንኝ የምታንስና ድምፅ የሌላት ነፍሳት ቀን በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ተሸሽጋ ትውልና ሲመሽ ወጥታ ያልተሸፈነ ቆዳ ትፈልጋለች። በሽታው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ትኩሳት፣ የጣፊያ እብጠትና ክሳት ያመጣል፤ ካልታከመም ይገድላል። ከዚህ በፊት ለተውሳኩ ተጋልጦ የማያውቀው የደጋ ሰው በቀላሉ ይያዛል፤ በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የታወቀው የካላዛር ወረርሽኝም ከቆላ እርሻ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር እንደ ገባ ይታመናል። በዚያው ቆላ ወባም አለ።

ስለዚህ ለእርሻ ጭቃ የሚመቸው የጎጃም ቁምጣ ለቆላ ምሽት አይሆንም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌና ካልሲ ያስፈልጋሉ። ለሙቀት አገር ይከብዳል ተብሎ ቤት የሚቀረው ጋቢም በሜዳ ለሚያድር አጫጅ የንክሻ መከላከያ ይሆነዋል፤ የአሸዋ ዝንብ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ስለምትችል ግን በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ አጎበር ሊለየው አይገባም። ስንቁን በአንድ ማዳበሪያ ይዞ የሚወርድ ድሃ ወጣት ይህን ሁሉ ለብቻው ይገዛ ዘንድ መጠበቅ ፍትሐዊ ስላልሆነ፣ አጎበሩንና የማታ ልብሱን ማቅረብ በመከሩ የሚጠቀመው ባለ እርሻ ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚሸከመው ግዴታ ሊሆን ይገባል።