ለልጅዎ ድምፅ ማጉያ ከመግዛትዎ በፊት

ከልጆችዎ መካከል ክራር የሚገርፍ፣ ኪቦርድ የሚጫወት ወይም በሠርግና በልደት እየተጠራ የሚዘፍን ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት አንድ ቀን «እማዬ፣ ስፒከር ግዢልኝ» መባሏ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ገንዘቡ ግን ቀላል አይደለም። ከደመወዝ ተቆጥቦ፣ ከዕቁብ ወጥቶ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ሳይታወቅ ቢገዛ ጸጸቱ ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

ባለፈው ዓመት በእህቴ ቤት የደረሰውን ላጫውትዎ። እህቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ትልቋ ልጇ በሥራ ቀናት ትማራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ክራሯን ይዛ በመልስና በቅልቅል ላይ ትዘፍናለች። ከምታገኘው ገንዘብ ግማሹ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ይሄድ ስለነበር፣ እህቴ የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ለልጇ የራሷን ልትገዛላት ወሰነች። እናትና ልጅ መርካቶ ወረዱ። ሻጩ በሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «3000 ዋት» እያሳየ፣ የማጉያውን መብራት እያብለጨለጨ ከስልኩ ዘፈን ከፈተላቸው። ሱቁ ተንቀጠቀጠ። ደስ ብሏቸው ከፍለው ወጡ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በዳሱ ውስጥ የሆነው ግን ሌላ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ይጓጉራል እንጂ የክራሩ ክር አይሰማም። የልጅቷ ቃል አይለይም፤ ማይክሮፎኑ በየጊዜው ያፏጫል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ባትሪው አለቀ። ሠርገኛውም በመኪና በተከፈተ ዘፈን መጨፈሩን ቀጠለ። ልጅቷ ክራሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት ስትገባ «እማዬ፣ ገንዘብሽን አስበላሁብሽ» ብላ አለቀሰች። እህቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ዝም ብላ ቡና ማፍላት ጀመረች።

ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። ዕቃው የተቀዳ ዘፈን ለማጫወት የተሠራ እንጂ ሰው ለሚዘፍንበት የተሠራ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ስለ ነገሩ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ዋት የማጉያው የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ እንጂ የድምፅ ትልቅነት መለኪያ አይደለም። በሣጥን ላይ በትልቁ የሚጻፈውም ብዙውን ጊዜ «ፒክ» የሚባለው፣ ዕቃው ለቅጽበት ብቻ ሊደርስበት የሚችለው ኃይል ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል፣ ማለትም «አርኤምኤስ» የሚባለው ነው። ኃይሉ በእጥፍ ቢጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ግን ኃይሉ 10 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። በ200 እና በ300 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ስለሆነም ለዚህ ልዩነት ብቻ ብዙ ብር መጨመር አይገባም።

ከዋት ይልቅ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠውን ከፍተኛ ድምፅ በዴሲቤል ይጠይቁ። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1 ሜትር 112 ዴሲቤል የሚሰጥ ማጉያ በ8 ሜትር ላይ ለተቀመጠ እንግዳ 94 ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህም ለክራርና ለድምፅ፣ በመካከለኛ ግቢ ውስጥ ይበቃል። ከበሮና ቤዝ ጊታር የሚጨመር ከሆነ ግን 8 ኢንች ሳይሆን 12 ወይም 15 ኢንች ስፋት ያለው ስፒከር ያስፈልጋል።

የመሰኪያው ነገር

የእህቴ ልጅ ማጉያ አንድ ማይክሮፎን ብቻ የሚቀበል ስለነበር ድምፅዋና ክራሯ በአንዱ ማይክሮፎን ይሻሙ ነበር። ለዘፋኝ የሚሆን ማጉያ ቢያንስ ሁለት መግቢያ፣ ለእያንዳንዱም የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ ሊኖረው ይገባል። ለማይክሮፎን የሚሻለው ኤክስኤልአር የሚባለው ባለ ሦስት እግር ክብ መሰኪያ ነው። በክራሩ ላይ ፒክአፕ የተገጠመለት ከሆነ ደግሞ «ሃይ-ዚ» የሚባል መግቢያ መኖሩን ይጠይቁ፤ ያለዚያ የክራሩ ድምፅ የሳሳ ሆኖ ይሰማል። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን በአብዛኛው «ፋንተም» የተባለውን 48 ቮልት ከመሣሪያው ይፈልጋል።

ብሉቱዝ በእረፍት ሰዓት ዘፈን ለመክፈት ይጠቅማል። ኪቦርድ ወይም ማይክሮፎን በብሉቱዝ ማገናኘት ግን አይመከርም፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚወጣ ተጫዋቹ ከምቱ ይወጣል። ለዚህ ገመድ ይሻላል።

ባትሪና ክብደት

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪ ትልቅ ነገር ነው። በርካሽ ማጉያዎች ውስጥ የሚገኘው የሊድ አሲድ ባትሪ ከባድ ነው፤ ባዶውን ረጅም ጊዜ ከተቀመጠም ይሞታል። ሊቲየም ቀላልና ዕድሜው የተሻለ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ቦዝ ኤስ1 ፕሮ የተባለው 7 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ አምራቹ ባትሪው እስከ 11 ሰዓት ይቆያል ይላል። ጄቢኤል ኢኦን ዋን ኮምፓክት ደግሞ 8 ኪሎ ያህል ሲሆን እስከ 12 ሰዓት ይባልለታል። ይሁንና «እስከ» የተባለው ድምፁ መጠነኛ ሲሆን ነው፤ ድምፁ ከፍ ባለ መጠን ሰዓቱ ያጥራል። ልጅዎ በታክሲ ተሸክማ የምትሄድ ከሆነ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልዎ ቢሆን ሁለት ነገር አስቀድመው ያስታውሱት። አንደኛ፣ የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ዕቃው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ እንዳይሆን። ሁለተኛ፣ መንገደኛ ይዞት የሚመጣ ከሆነ የሊቲየም ባትሪው ልክ መታየት አለበት፤ ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ ከሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ160 በላይ የሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም።

ለቤት ውስጥ ቀረጻስ?

ዛሬ ብዙ ወጣቶች በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ በኮምፒውተር ዘፈን ይቀርጻሉ። ልጅዎ «አንዱ ለሁለቱም ይሆናል» ቢልዎ ጥቂት ያመዛዝኑ። የመድረክ ማጉያ የሚሠራው ድምፁ ርቆ እንዲሄድና እንዲያስደስት ነው። የስቱዲዮ ማጉያ ግን የተቀረጸውን ሳያሳምር፣ ከነጉድለቱ እንዲያሰማ ይሠራል። ወፍራሙን ድምፅ በሚያጋንን ማጉያ የተስተካከለ ዘፈን በሌላ ሰው ስልክ ሲከፈት የሳሳ ሆኖ ይገኛል።

ለትንሽ ክፍል እንደ ያማሃ ኤችኤስ5 ያለ ባለ 5 ኢንች ጥንድ በቂ ነው። ሁለቱ ማጉያዎችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሠርተው፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር በጆሮ ትይዩ ትሁን። ወፍራም መጋረጃና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል።

ሁለቱንም ለመግዛት አቅም ከሌለ ግን ለመድረኩ ጥሩ ማጉያ፣ ለቀረጻው ደግሞ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ መግዛት ይሻላል። በማይክሮፎን ሲቀረጽ ማጉያው መዘጋቱ አይቀርምና።

ጆሮና ጎረቤት

እናቶች ከሁሉ በላይ ልታስቡበት የሚገባው የልጆቻችሁ ጆሮ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ጥናት ተቋም መመሪያ መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሰማት የለበትም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ የሙዚቃ ቦታዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። በጆሮ ውስጥ የሚገኙት የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ስለዚህ ሕፃን የታቀፈች እናት በማጉያው ፊት አትቀመጥ።

ማጉያውን በእግሩ ላይ አቁሞ ከሰው ራስ ከፍ ማድረግ ፊት ያለውን ሳያደነቁር ኋላ ላለው ያደርሳል። ዘፋኟ ከማጉያው ፊት ሳይሆን ከኋላው ብትቆም የማይክሮፎኑ ማፏጨት ይቀንሳል። በግቢ ውስጥ ደግሞ የታመመና የሚያጠና ጎረቤት መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም።

ሱቅ ሲገቡ

ልጅዎን ከነክራሯና ከነማይክሮፎኗ ይዘው ይግቡ። ሻጩ የመረጠው ዘፈን የሚያሳየው የዘፈኑን ጥራት ነው። ልጅዎ እዚያው ትዝፈን፤ እርስዎ ወደ በሩ ራቅ ብለው ቆመው ቃሉ ይለይ እንደሆነ ያዳምጡ። ቀጥሎም ሁሉን ጸጥ አድርገው ማጉያው ብቻውን ሲሸሽ ወይም ሲያጓራ ይስሙ። ባትሪው ለብቻው የሚገኝ መሆኑን፣ ዋስትናውን በጽሑፍ፣ ደረሰኙንም ሳይቀበሉ አይውጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ ቀን ከመግዛት ሁለት ሦስት ሱቅ ማየት ይሻላል።

እህቴ የመጀመሪያውን ማጉያ ለአንድ ጭማቂ ቤት በኪሳራ ሸጠችው፤ እዚያ ዘፈን ለማጫወት በደንብ ያገለግላል። ሦስት ወር ቆጥባ ሌላ፣ በእጅ የሚንጠለጠል ባለ 8 ኢንች ገዛች። በሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ከፊተኛው በብዙ ያነሰ ነው። ባለፈው ጥር በአንድ መልስ ላይ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ከዳሱ ጥግ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት «እስቲ ያቺን ግጥም ድገሚልኝ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ። እህቴም ሰምታ ኖሮ፣ ነጠላዋን አስተካክላ አንገቷን አቀረቀረች። ልጅቷም ደገመችላቸው።