ሳይቈፍሩ መመርመር

ጻድቁ ኢዮብ፥ ሰው ብርና ወርቅ ለማግኘት የምድርን ሆድ እየፈነቀለ እስከ ጨለማው እንደሚገባ ከተናገረ በኋላ፥ ጥበብ ግን በዚያ እንደማትገኝ ይመሰክራል። ነገሩ ለነፍስ የተነገረ ቢሆንም ለመንግሥት ሥራም ይጠቅማል፤ የምድርን ሀብት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ጥበብን ካልያዘ፥ ከጕድጓዱ የሚያወጣው አፈር ብቻ ነውና።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1769 ከብረት ቀጥቃጭ ቤት ተወለደ። መሬት ቀያሽ ሆኖ በሶመርሴት የከሰል ጕድጓዶችን ሲመረምርና የከሰል ማመላለሻ የውሃ ቦይ ሲቀይስ፥ የምድር ድርብርብ ድንጋይ በየስፍራው በአንድ ሥርዓት ተከታትሎ እንደሚገኝ፥ እያንዳንዱም ድርብ በውስጡ ተቀብሮ በቀረው ዛጎል ተለይቶ እንደሚታወቅ አስተዋለ። ብዙ ዓመትም አገሩን ዞሮ፥ በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የከርሰ ምድር ካርታ አሳተመ። ካርታው በ15 ወረቀት የተከፈለ፥ ሲጋጠም ቁመቱ ከ2 ሜትር ተኩል የማያንስ፥ ለየድርቡም ልዩ ልዩ ቀለም በእጅ የተቀባለት ነው።

በዚያ ዘመን ባለ ርስቶች ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ባዩ ቍጥር ከሰል ያለ እየመሰላቸው፥ ገንዘባቸውን በከንቱ ጕድጓድ ያፈሱ ነበር። የስሚዝ ትምህርት ግን ከሰል ያለበት ድርብ የትኛው እንደ ሆነ ስለሚለይ፥ ከዚህ ጥፋት ያድናል። እንግዲህ ካርታ የሚጠቅመው «በዚህ ቈፍር» ሲል ብቻ ሳይሆን፥ «በዚህ አትቈፍር» ሲልም ነው፤ ከከንቱ ወጪ የዳነ ገንዘብ እንደ ተገኘ ማዕድን ይቈጠራልና።

ዳሩ ግን አገሩ የሠራተኛውን ዋጋ በጊዜው አልከፈለም። ስሚዝ በ1819 በዕዳ ታሰረ፤ የሎንዶን የሥነ ምድር ማኅበር የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳይ የሸለመው በ1831 ነው። በ1835 መንግሥት የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ አንድ ቀያሽ በራሱ ዕዳ የደከመበት ሥራ እንደዚህ የመንግሥት ሥራ ሆነ።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ የመጣው ዊልያም ብላንፎርድ የመንገዱን ድንጋይ መርምሮ በ1870 መጽሐፍ አሳተመ። አዲግራት፥ ሕንጣሎና አሸንጌ ብሎ የሰየማቸውን የድንጋይ ወገኖች ሊቃውንት እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠሯቸዋል። የሕንጣሎውም የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶ ሥራ የሚሆን ነው።

እርግጥ ነው፤ በአሮጌ ካርታ ስሕተት አይታጣም፤ አዲስ ጥናት ያርመዋል። ነገር ግን የቀደመው ከጠፋ የሚታረም አይኖርም፤ የኋለኛውም የተደከመበትን ድካም እንደ ገና ይደክማል። አባቶቻችን የብራና መጻሕፍትን ከእሳትና ከብል ጠብቀው እንዳቆዩልን፥ በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ያለ ሹምም አሮጌውን ካርታ እንደ ተራ ወረቀት አይጣለው፤ ቍፋሮ ከመፍቀዱም በፊት ገልጦ ይመልከተው።