ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ከጎንደር ወደ ማክሰኝት እወርዳለሁ። አዘዞንና ጠዳን አልፎ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራዬ ግን ቀድሞኝ ደርሶ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ በሰፈሩ «ከፈረንጅ ገንዘብ የሚያመጣው» የሚል ስም ወጥቶልኛልና። እኔ ገንዘብ አላመጣም። የተማርኩት ላብራቶሪ ነው፤ ዛሬ የምውልበት ግን ተመራማሪዎች ለአውሮፓ ገንዘብ ሰጪዎች የሚያስገቡትን ፕሮፖዛል ማዘጋጀት ነው። በጀት እደምራለሁ፣ ፊርማ እለቅማለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ፎርሙ አስለምዶኝ ዓመት ስጠቅስ እንኳ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እዚህም እንዲያው ይታለፍልኝ።

በቅርቡ የጠበቀኝ ስልክ የሚጠግን ጎረምሳ ነበር። ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ሥራ ሲያጣ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። በእጁ የሳሙና ማስቀመጫ ይዟል፤ ክዳኑን ሲያነሳው ውስጡ የሙቀት መለኪያ፣ ባትሪና ሲም ካርድ አለ። የክትባት ፍሪጅ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ መቆየት አለበት። ሙቀቱ ከስምንት ሲያልፍ ይህች ዕቃ በስልክ መልእክት ትልካለች። ከከተማው ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ፈቅደውለት ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጧት ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ያሳየኝ ሁለተኛዋን ነው። ቀጥሎ ከቴሌግራም ያገኘውን ማስታወቂያ ከፈተልኝ፦ አውሮፓ፣ የጤና ስታርትአፕ፣ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ።

«ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ሙላልኝ።»

ማስታወቂያው ውሸት አልነበረም። የአውሮፓ ኢኖቬሽን ካውንስል አክስለሬተር የሚባለው መርሐ ግብር ለአንድ ጀማሪ ኩባንያ የማይመለስ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልገው ደግሞ የአክሲዮን ድርሻ ይገዛል። ነገር ግን ኩባንያው በአውሮፓ ኅብረት አባል አገር፣ ወይም ከመርሐ ግብሩ ጋር በተዋዋለ አገር የተቋቋመ መሆን አለበት። ከአፍሪካ ቱኒዝያ ተዋውላለች፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። ይህን ስነግረው የሳሙና ማስቀመጫውን ክዳን ቀስ ብሎ መለሰው። እኔም በዚህ ሥራ የምጠላው ሰዓት ይኸው ነው፤ በቴሌግራም ለሁሉም የተከፈተ የሚመስለውን በር ለማን እንደተከፈተ መንገር።

ለተመራማሪ ነገሩ ሌላ ነው። ሆራይዘን ዩሮፕ የሚባለው ትልቁ የምርምር መርሐ ግብር ሲጀመር ከ2021 እስከ 2027 ድረስ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ተይዞለት ነበር፤ ከአውሮፓ ተቋማት ጋር በጥምረት እስከገባን ድረስ እንደ እኛ ያለ ዝቅተኛ ገቢ ያለው አገር ተቋምም ድርሻው ይከፈለዋል። ከቀጥታ ወጪው ላይ 25 በመቶ ለተቋሙ ማስተዳደሪያ ይታሰባል። በማሪ ኩሪ ስም የሚሰጠው የድኅረ ዶክትሬት ዕድል ዜግነት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዶክትሬቱ ከስምንት ዓመት ያልበለጠው መሆኑን ነው። ለእኛ ሰፈር የቀረበው ግን ኢዲሲቲፒ ነው። በ2003 የተመሠረተው ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችንና አውሮፓን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ የድሃ በሽታዎችን መድኃኒት ለመሞከር ነው። አሁን ሦስተኛ ዙሩ ላይ ደርሷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ብቻውን እስከ 800 ሚሊዮን ዩሮ ሊያዋጣበት ተስማምቷል።

ስለ መዝጊያ ሰዓት አንድ ነገር ልበል፤ ያላለቀስኩበት የለምና። ጥሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት በብራስልስ ሰዓት 17:00 ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ከቀኑ አስራ አንድ መሆኑ ነው። የብራስልስ አስራ አንድ ሰዓት በበጋቸው የጎንደር ምሽት አስራ ሁለት፣ በክረምታቸው ደግሞ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። እነሱ በማርች መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ፤ እኛ ምን ቸገረን ብለን እንተኛለን። አንድ ዓመት ምሽት አንድ ሰዓት እያልን ተረጋግተን ፋይል ስንጭን በሩ ተዘግቶ አገኘነው። የስምንት ወር ሥራ ነበር። ያንን ሰዓት ያሰላሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጎረምሳው «እሺ፣ እነዚያ ተመራማሪዎቹ ምን ይዘው ነው የሚያገኙት?» አለኝ። ደኅና ጥያቄ ነው። የነገርኩት የጎረቤታችንን የሊቦ ከምከምን ነገር ነው።

ከማክሰኝት እንፍራንዝን አልፎ የወረዳው ከተማ አዲስ ዘመን ነው። በ2005 ግድም በዚያ ወረዳ ሰው ትኩሳቱ አልወርድ እያለ፣ ሆዱ እያበጠ፣ ሥጋው እያለቀ ይሞት ጀመር። ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት የማይበግረው ወባ። ቆይቶ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛርን የምናውቀው የቆላ በሽታ ብለን ነው። ለሰሊጥ ሥራ ሁመራና መተማ የወረደ የቀን ሠራተኛ ሌሊት በተሰነጣጠቀ የዋልካ መሬት ላይ ተኝቶ፣ በአሸዋ ዝንብ ተነክሶ ይዞት የሚመለስ ነበር። ደጋ ቀመስ በሆነ አገር፣ ቆላ ወርደው የማያውቁ ልጆችና ሴቶች ሲታመሙ ማንም አልጠረጠረውም።

ሕክምናው ሌላ መከራ ነበር፤ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ። ኋላ ሌላ መርፌ ተጨምሮበት 17 ቀን ሆነ፤ በቀን ሁለት መርፌ ማለት ነው። እኔ ላብራቶሪ ሳለሁ ደም ልወስድ ስቀርብ ገና እጄን አይተው የሚያለቅሱ ሕፃናት ትዝ ይሉኛል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የተሳተፈበት፣ ኢዲሲቲፒ የደገፈው ጥናት ይህን ለማቅለል የታሰበ ነበር። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ ውስጥ ከ2018 እስከ 2020 ድረስ 439 ሕሙማን ገቡበት። ሚልቴፎሲን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒትና በቀን አንድ የፓሮሞማይሲን መርፌ፣ ለ14 ቀን። በ2022 የታተመው ውጤት ከመቶው 91 ያህሉ እንደዳኑ፣ ይህም ከቀድሞው ሕክምና ጋር የሚተካከል መሆኑን አሳየ። የሚያለቅሱት ሕፃናት ከ34 መርፌ ወደ 14 ወረዱ ማለት ነው።

ለልጁ ልነግረው የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መዝገብ ቆጥሯል። ሕመምተኛው ከየት ቀበሌ መጣ፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ ወደ ሁመራ ወርዶ ያውቃል ወይ፣ በስንተኛው ቀን ሕክምናውን አቋርጦ ጠፋ። ብራስልስ ተቀምጦ ፕሮፖዛል የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው፤ ሕሙማኑ በእርግጥ አሉ ወይ፣ በዓመት ስንት ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ በሐሳብ አንሰን አይደለም የምንወድቀው። የእንግዳ ክፍል ይመስል ፕሮፖዛሉን እናሳምራለን፤ መዝገብ ቤት አንገባም። አቧራው ያስነጥሳል፣ አበልም የለውም።

ማክሰኝት ራሷ ይህን ከአፈር ተምራዋለች። በጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ በኦስትሪያ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ፣ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከልና የቪየናው የቦኩ ዩኒቨርሲቲ አብረው ሠርተዋል። ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ንዑስ ተፋሰሶች በአያዬ እርከን ተሠራ፣ አባ ካሎዬ እንደነበረ ተተወ፤ ከዚያ ከሁለቱም የሚወርደው ጎርፍና አፈር ተለካ። ያልተሠራበትን መለካት ምን ይባላል የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ያልተሠራበት ከሌለ ግን የተሠራበት ምን እንዳተረፈ በምን ይታወቃል?

«እና ያንተ አባ ካሎዬ የትኛው ነው?» አልኩት።

ገባው። ሰኞ ጠዋት ወደ ጎንደር መመለሴን ትቼ በባጃጅ አብረን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ፍሪጁ በር ላይ እንደየትም ጤና ጣቢያ የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ተለጥፏል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ። ልጁ ስልኩን አወጣ። በሦስት ሳምንት አስራ አራት መልእክት ደርሶታል። አንዱን ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሲጠፋ 11 ዲግሪ ደርሶ፣ እስኪነጋ ድረስ አልወረደም። ወረቀቱ ላይ የዚያች እሑድ ጠዋት 4 ይላል፣ ከሰዓት 5። ቀና ብዬ ሙሉውን ወር አየሁት። 4 እና 5፣ 4 እና 5፣ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ከላይ እስከ ታች።

ሲስተሯ ከኋላችን ቆማ ነበር። ምንም ሳንጠይቃት «ቅዳሜና እሑድ ብቻዬን ነኝ፤ ማዋለጃ ክፍል ነው የማድረው» አለች። «ሰኞ መጥቼ ነው የምሞላው። ስም አይጻፍም አይደል?»

አይጻፍም አልኳት። የጥናት ፕሮፖዛል ቢሆን ኖሮ ፈቃደኛነቷን በጽሑፍ ጠይቄ፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ማረጋገጫ አውጥቼ፣ ያንን ሁሉ ወረቀት አስፈርሜ ነበር የምመልስላት፤ ያንን ወደፊት እናደርገዋለን። በዚያች ቀን ልጁ ከወረቀቱ ላይ ቁጥሮቹን፣ ከስልኩ ደግሞ መልእክቶቹን ጎን ለጎን ደብተር ላይ ሲገለብጥ ቆየ። መሥመሩን በማስመሪያ ነው የሚያሰምረው።

ሲስተሯ ትንሽ አየችውና ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ ፍሪጁን ከፈተችለት፤ ዕቃዋ ከክትባቱ ሳጥን ኋላ ተቀምጣ ነበር።

«እኔም ስልክ ላይ እንዲደርስ አድርገው» አለችው፤ ቁጥሯን እየጠራች።