ወደ ቀድሞው ኢኒት መመለስ፣ ገዋኔ ላይ ቢሆን

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ሲበራ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይቀሰቅስና ቀሪውን ለእሱ ይተዋል። ኢኒት ይባላል፤ የሂደት ቁጥሩ ምንጊዜም 1 ነው። ዲስኩን የሚያያይዙት፣ ኔትወርኩን የሚያስነሱት፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን የሚያመጡት እሱ የጠራቸው ናቸው። እሱ ከሞተ ማሽኑም አለቀለት።

ለረጅም ዘመን ይህን ሥራ የያዘው ከዩኒክስ ሲስተም ፋይቭ የተወረሰው ሲስቪኢኒት ነበር። አሠራሩ ለዓይን የሚታይ ነው። «አርሲ2.ዲ» የተባለውን ፎልደር ሲከፍቱ ስማቸው ኤስ01፣ ኤስ02 እያለ የሚሄድ ስክሪፕቶች ያገኛሉ። በኤስ የሚጀምረው አገልግሎቱን ያስነሳል፣ በኬ የሚጀምረው ያቆማል፤ ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀድማል። አንዱን ከፍቶ ማንበብ፣ ካስፈለገም ማረም፣ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ላለው ሰው ሁሉ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፕሮግራመሮቹ ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ ሲስተምዲ የተባለ አዲስ ኢኒት ይዘው መጡ። ከሊኑክስ ሥርጭቶች ፌዶራ በ2011፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2015 ተቀበሉት። ዴቢያን ውስጥ ግን ጠቡ የከረረ ነበር፤ በ2014 የቴክኒክ ኮሚቴው ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ሊቀመንበሩ ነው የለየው። ያኮረፉት ተገንጥለው ዴቭዋን የተባለውን ሥርጭት መሠረቱ፤ የመጀመሪያው የተጠናቀቀ እትም በ2017 ወጣ።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ገዋኔን እናስብ። አንድ መሥሪያ ቤት እዚያ ዴቢያን የተጫነበት ሰርቨር አለው እንበል፤ ባለሙያው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ሲስተምዲን ትቶ ወደ ሲስቪኢኒት መመለስ ቢፈልግ ትእዛዙ አንድ መስመር ነው፦ «ሲስቪኢኒት-ኮር» የተባለውን ፓኬጅ በዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ በአፕት መጫን። አደጋው ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

አፕት ከመጫኑ በፊት ምን ምን ሊያራግፍ እንዳሰበ ዘርዝሮ ያሳያል። ዝርዝሩን ሳያነቡ «እሺ» ማለት የብዙዎች ጥፋት ነው፤ የኖም ዴስክቶፕ ሲስተምዲን ተደግፎ ስለሚሠራ አብሮ ሊነቀል ይችላል። ከተጫነ በኋላም እስኪጠፋና እስኪበራ ድረስ የሚሠራው ያው ሲስተምዲ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጫን፣ ቀጥሎ አጥፍቶ ማስነሳት፣ ቁጥር 1 ማን እንደሆነ በ«ፒኤስ» ትእዛዝ ማረጋገጥ፣ ሲስተምዲን ማራገፍ ከዚያ በኋላ። መጨረሻ ላይ በአፕት ምርጫ ፋይል ውስጥ ሲስተምዲ እንዳይጫን መከልከል ይገባል፤ አለበለዚያ ሌላ ፓኬጅ ሲጭኑ ተጎትቶ ይመለሳል።

ማስነሳቱ ካልተሳካ ኔትወርኩ አይመጣም፤ ኔትወርክ ከሌለ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ምንም ማድረግ አይችልም። ሲስተሙ ሲነሳ በሚመጣው የግራብ ሜኑ ላይ ገና ያልተራገፈውን ሲስተምዲ መርጦ የሚያድነው ሰው ከኪቦርዱ ፊት መቀመጥ አለበት። ይህን ሥራ ከሩቅ መሞከር፣ በእኔ እምነት፣ ድፍረት ሳይሆን ግድየለሽነት ነው።

ስለ ትርፍና ኪሳራውም ሳይሸፋፍኑ መናገር ይሻላል። የሲስቪኢኒት ወዳጆች ስለ ቅለቱ ብዙ ያወራሉ፤ በእነዚያ ስክሪፕቶች የተነሳ አገልግሎት ቢወድቅ ግን ራሱ መልሶ አያነሳውም። የሲስተምዲ አገልግሎት ፋይል ላይ ግን «ሲወድቅ አንሳው» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ሙቀቱ ማሽን በሚያሰቃይበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዳታቤዙ ሌሊት ቢወድቅ ሰው እስኪመጣ እንደወደቀ ያድራል። ለሲስተምዲ የተጻፉ የራስዎ አገልግሎቶች ካሉም ሁሉም እንደገና በስክሪፕት መጻፍ አለባቸው።

ለመማር ወይም ለአሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ይሞክሩት፤ ስለ ሊኑክስ አነሳስ ብዙ ያስተምራል። ቆርጠው ሲስተምዲን የማይፈልጉ ከሆነም የሚሠራ ዴቢያን ከሚገለብጡ ዴቭዋንን በፍላሽ ይዘው ገዋኔ ድረስ ይሂዱና ከባዶ ይጫኑ።