ወንዙ ባሕር ሲገባ፦ ከልጆች ጋር ወፍ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል፤ እናንተም የሳምንቱ ሥራ አድክሟችኋል። «የት እንሂድ?» ሲባል መልሱ ያው ሞል ነው፣ አይደል? በሲያትልና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ እስቲ አንድ ቀን ኒስኳሊ ውሰዷቸው። በአይ-5 መንገድ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ነድታችሁ በመውጫ 114 ትወጣላችሁ።

የኒስኳሊ ወንዝ ከሬኒየር ተራራ በረዶ ተነሥቶ እዚህ ባሕር ይገባል። ድሮ ቦታውን ለእርሻ ሲሉ የባሕሩን ውሃ በአፈር ግድብ አግደውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግድቡ ሲፈርስ ውሃው ተመለሰ፤ ጭቃው ውስጥ ያለውን ትል የሚለቅሙ ወፎችም መጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል ወፎቹ ራቅ ብለው ጭቃው ላይ ይበተናሉ፤ ሲሞላ ግን ውሃው ወደ እናንተ ይገፋቸዋል። ስለዚህ የሚሞላበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ አይታችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ከውሃው በላይ በተሠራው የእንጨት መንገድ እስከ ጫፍ ደርሶ መልስ 4 ማይል ያህል ነው። ለትንንሾቹ ግማሹ ይበቃል። በክረምት የአደን ወቅት የመጨረሻው ክፍል ይዘጋል። ውሻ ይዞ መግባትም ሆነ መሮጥ ክልክል ነው። ዝናብ ልብስና ቆሎ አትርሱ!

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ እነዚህን ፈልጉ፦

• ጭንቅላቱ ነጭ የሆነ ንስር። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ከሆነ ገና ልጅ ነው፤ ጭንቅላቱ የሚነጣው 5 ዓመት ሲሞላው አካባቢ ነው።
• ውሃ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሳቢሳ የሚመስል ግን ግራጫና ትልቅ ወፍ። ሲበር አንገቱን ያጥፋል።
• ጭራቸውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ ያደረጉ ዳክዬዎች።

ወላጆች፣ ልጆቻችን የወፉን ስም በእንግሊዝኛ ከትምህርት ቤት ይማሩታል። አማርኛውን ግን ከእናንተ በቀር ማን ይነግራቸዋል? እንግዲህ ተለዋወጡ፤ እነሱ አንድ ስም፣ እናንተ አንድ ስም። ንስሩን ስታዩ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ ስለሚያጠምደው ነጭ ራስ ንስር ንገሯቸው። ስሙ የጠፋባችሁን ወፍ ፎቶ አንሡና አገር ቤት ላሉት አያት ላኩላቸው። የልጅ ልጃቸው ራሱ ይደውልና «እማማ፣ ይሄ ምን ይባላል?» ይበላቸው።

ያን ቀን ስልኩ ለቁም ነገር ዋለ ማለት ነው።